በቢሮ ያልተነገረ መርዶ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የትምህርት ቤቱ ልጆች ተሰልፈው «ሻሎም ፈንታሁን» ብለው ተሰናበቱኝ። አቶ የለ፣ መምህር የለ፣ ደረቅ ፈንታሁን። ከሃያ ዓመት በላይ ስሰማው የኖርሁት ነገር ነው፤ ሆኖም የዚያን ዕለትም ደነገጥሁ። ባለቤቴ ትርንጎ «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋጤ በኪሎ የሚሸጥ ቢሆን እኮ የሐደራን ገበያ ጠቅልለህ ትገዛው ነበር» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እዚህ እስራኤል አገር ከገባሁ ወዲህ የደነገጥሁትን ያህል፣ አገር ቤት ጅብ መንገድ ዘግቶብኝ እንኳ አልደነገጥሁም። አሁን ጊዜው ስላለኝ ከድንጋጤዎቼ ሁሉ የባሰውን፣ እንጀራዬም የተንጠለጠለበትን፣ ልናገር።

አገር ቤት አስተማሪ ነበርሁ። መጀመሪያ ደንቢያ ሜዳው ላይ፣ ኋላ ደግሞ ወገራ ብርዱ ላይ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ ይታጨቃል፤ ጠመኔ ለሁለት ተሰብሮ ነው የሚታደል፤ ሰሌዳው የነጣ እንደሆነ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን፣ ጥቁሩን ዱቄት ከቅጠል ጋር ወቅጠን እናጠቁረዋለን። ለልጆቹ ጀርባዬን ሳልሰጥ፣ በጎን ቆሜ ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር መጻፍ እችል ነበር። ዳይሬክተራችን አቶ ዘለቀ መስኮት ሥር ቆመው የማዳመጥ ልማድ ነበራቸው። አንድ ቀን ክፍሌ ጸጥ ረጭ ብሎ ስለዋለ ያመሰግኑኛል ብዬ ስወጣ፣ ጸጥታውን ተወውና ማን እንደተኛ አይተሃል ብለው ጠየቁኝ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የገባው ልጅ እንዳልሆነ ከእሳቸው ተማርሁ።

በግንቦት ሰማንያ ሦስት በአውሮፕላን ስንመጣ ሰው ሁሉ ልጁን አቅፎ፣ እኔ ልጄንም የማስተማር ማስረጃዬንም አቅፌ ነው የገባሁ። ሆቴል አስቀመጡን፣ ቋንቋ አስተማሩን፣ ኋላም ሐደራ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘን። ማስረጃዬን ያየችው የሥራ ቅጥር ሠራተኛ «ኮል ሀካቮድ» አለችኝ፣ ጎበዝ እንደማለት ነው፤ ከዚያ መልሳ ሰጠችኝና ኢንዱስትሪ ዞን ካርቶን ማጠፍ ላይ መደበችኝ። ደመወዙ ለቤት ይበቃል፤ ስለሱ አላማርርም። ካርቶን ግን አያናግርም። ጠዋት ገብቼ ማታ ስወጣ ከአፌ የሚወጣው ቃል ሰላምታና ስንብት ብቻ ነው። አንድ ቀን ትልቁ ልጄ ለጓደኛው አባቴ ካርቶን ያጥፋል ሲል ሰማሁት። አስተማሪ ነበር እንኳ አላለም። ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ተመልሼ ካልገባሁ ሰው ሆኜ የማልቀጥል መሰለኝ። የጓጓሁት ለዚህ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

የቋንቋ አስተማሪያችን ማስተማር አሁን አይሆንልህም፣ ሳያዕ ሁን አለችኝ። ሳያዕ የአስተማሪ ረዳት ማለት ነው። ማመልከት ጀመርሁ። መጀመሪያ የሄድሁበት የሕፃናት ትምህርት ቤት ኃላፊዋ ከኋላዬ እያየች ሚስትህ የት አለች አለችኝ፤ ሥራው የሴት ስለሆነ ለሚስቴ ልጠይቅ የመጣሁ መስሏት ነው። ሁለተኛው ቦታ ልጆች ትወዳለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደነገጥሁ። ልጅ የማይወድ ሰው ምን ይመስላል? ከዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠህ አንድ መዝሙር አሳየን አሉኝ። ሽበት የጀመረኝ ሰው ወለል ላይ ተጣጥፌ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ አወረድሁላቸው። ሳቁ፣ በክፋት ግን አልነበረም፤ እንደውልልሃለን ብለው በዚያው ቀሩ።

ሦስተኛው ክፋር ብራንዳይስ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ደግሞ በልጅ ላይ ወንጀል ያልሠራህ መሆኑን ከፖሊስ አጽፈህ አምጣ አሉኝ። ምን ታይቶብኝ ነው? ከዚያ እስከ ቤቴ አውቶቡስ መሳፈሩንም ረስቼ በእግሬ መጣሁ። ትርንጎ ሁሉንም ነው የሚጠይቁት፣ አንተን ብቻ አይደለም ብላ ብትነግረኝም ያን ማታ እራቴ አልወረደልኝም።

በአራተኛው ተሳካ። ርእሰ መምህርቷ ዶሪት አጭር፣ ፈጣን፣ ስትናገር እርሳሷን ጠረጴዛ ላይ የምትመታ ሴት ነበረች። ትምህርት ቤቷ ውስጥ ከእኛ ልጆች ብዙ ገብተው፣ አስተማሪዎቹ የልጆቹን ቋንቋ ሳይሰሙ፣ ልጆቹም የአስተማሪዎቹን ሳይሰሙ ይውሉ ነበር። ማስረጃዬን አላየችውም፣ መዝሙርም አልጠየቀችኝም። እስከ ፋሲካ እንሞክርህ፣ ከዚያ ለማዘጋጃ ቤቱ ይቀጠር ወይም አይቀጠር ብዬ እጽፋለሁ አለችኝ። ካርቶኑን በዚያው ሳምንት ተሰናበትሁት።

ክፍሉ ሁለተኛ ክፍል ነበር። አስተማሪዋ ኦርሊ በዕድሜ የእህቴ ልጅ ናት፤ ሱሪዋን ለብሳ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ትልና እግሯን እያወዛወዘች ታስተምራለች። በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ተሳስተሻል አላት፤ አመሰገነችው። ሌላው ዳቦውን እየገመጠ ስለ ክፍልፋይ መለሰ። እሷ ስትገባ እኔ በልማዴ ብድግ እላለሁ፤ ልጆቹ ይሥቁብኛል፤ እሷ ደግሞ የምትሄድበት ቦታ ያለህ መሰለኝ ትለኛለች። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል የለም። ማታ ማታ ለትርንጎ ያየሁትን ስነግራት እኔ እየተንገበገብሁ እሷ በሣቅ ትፈርሳለች።

ሥራውን ያስተማረችኝ ኦርሊ አይደለችም፣ ፍሎራ ናት። ፍሎራ በሕፃንነቷ ከሊቢያ የመጣች፣ ድምፅዋ የጎረነነ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ በዚያ ትምህርት ቤት ረዳት ሆና ያረጀች ሴት ናት። እንዳየችኝ፣ አንተ ገና አስተማሪ ነህ አለችኝ። አስተማሪ ከፊት ነው የሚቆም፣ እኛ ከጎን ነን፤ ከፊት የለመደ ሰው ጎን መቆም ይከብደዋል አለች። እውነት ነው፤ ከበደኝ።

ወንበርህ ከልጁ ወንበር ዝቅ ይበል ትላለች። እርሳሱን አትያዝለት፤ አንድ ጊዜ ከያዝህለት ዓመቱን ሙሉ ያንተ እርሳስ ነው። ስትተረጉም ከአስተማሪዋ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ቅር፣ መጨረሻዋን ቃል ግን አትንገረው፣ እሱው ይፈልጋት። ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ ፍሎራ ምን ሆንህ አትልም። ያን የታመመ ጉልበቷን አጥፋ ትቀመጥና የጫማውን ክር ፈትታ እንደገና ማሰር ትጀምራለች። ዓይኗ ጫማው ላይ ስለሆነ ልጁ ማንም ሳያየው ያለቅሳል። ስትጨርስ እሱም ጨርሷል። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ይማሩታል? እኔ አልተማርሁትም።

ከምረዳቸው ልጆች አንዷ ወርቅነሽ ነበረች፤ ትምህርት ቤት ወርቅን ወደ ዕብራይስጥ መልሰው ዜሃቫ ብለው መዝግበዋታል፣ እኛ ወርቄ እንላታለን። እናቷ አለሚቱ ከእኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ልጆቿን ይዛ ትኖራለች። አባቷ ሽማግሌ እናቱን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ ጎንደር ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እየተባለ ይጠበቃል። ወርቄ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አታውቅም። ኦርሊ አፏን ስትከፍት ልጅቱ ጆሮዋን ወደ እኔ ታስጠጋለች። እኔ ያልሁት ሁሉ ለእሷ ኦርሊ ያለችው ነው። ያን ያህል ያመነኝ ተማሪ ወገራም አልነበረኝም።

የዚህ አገር ክረምት በታኅሣሥ በገባ ጊዜ፣ ረቡዕ ማታ፣ የወርቄ አጎት አድማሱ እቤታችን መጣ። የልጅቱ አባት ጎንደር ታሞ ማረፉን በስልክ ሰምቶ ነው። ሽማግሌዎች ተጠራርተን መከርን። ዘመዱ አፉላና ረሆቦት ነው ያለው፤ ለነገ አይደርስም። ዓርብ ሲመሽ ሰንበት ይገባል፤ በሰንበት ለቅሶ የለም። ስለዚህ መርዶው እሑድ ሲነጋ እንዲሆን፣ እስከዚያ ሁሉም አፉን እንዲይዝ ተስማማን። እኔም ከሚያረዱት አንዱ ሆንሁ።

ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። መርዶ ወሬ አይደለም። ሰው የሚረዳው ቤቱ ተቀምጦ፣ ዘመድ ዙሪያውን ይዞት፣ ቢወድቅ የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ማለዳ የሚሆነውም ቀኑ በሙሉ ለለቅሶ እንዲተርፍ፣ ሰው ብቻውን ከጨለማ ጋር እንዳይቀር ነው። ዕውቀቱን ሌሎቹ ይሸከሙለታል። ሳቅ ሲስቅ እያየህ፣ ውስጥህ እያረረ፣ አብረኸው ትስቃለህ። ከባድ ነው፤ ግን እኛ ስናድግ እንዲህ ነው ያየነው።

አድማሱ ግን አንድ ነገር አደረገ። ለለቀስተኛው ወንበር እንዲያስገኙለት ብሎ ለአዲስ መጤዎች ጉዳይ ሠራተኛዋ ነገራት። እሷ ደግሞ በደግ ልብ ለትምህርት ቤቱ ደወለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወርቄን ይዤ ወደ ቢሮ እንድመጣ ዶሪት አስጠራችኝ። ቢሮው ውስጥ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሚካልም ነበረች። ሚካል ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲያነጋግራት አንገቷን ዘንበል የምታደርግ ደግ ሴት ናት፤ ዛሬም ድረስ ክፉ ነበረች አልልም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሙሉ ፓኬት ሶፍት ተከፍቶ ተቀምጧል። እሱን ሳይ ለምን እንደተጠራን ገባኝ። ወርቄ ስትሥለው የነበረውን ወረቀት እንደያዘች ነው የመጣች፤ ሕንፃችንን ሥላ በየሰገነቱ ሰው አቁማበታለች።

ሚካል ከልጅቱ ፊት ተንበርክካ እጇን ያዘች። ዓይኗን ከእሷ ላይ ሳታነሣ፣ «ፈንታሁን፣ ቃል በቃል ተርጉምላት» አለችኝ። «አባትሽ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሞተ ሰምተናል። በጣም አዝነናል። ከአንቺ ጋር ነን።»

እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? ልጅቱ ቆማ ናት። ዘመድ የለ፣ እናት የለ፣ የሚያለቅስላት ሰው የለ፣ ውጭ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ። ደወል ሲደወል እየሮጠች ቤቷ ትገባለች፤ አለሚቱም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን፣ ከገዛ ልጇ አፍ፣ ባሏ መሞቱን ትሰማለች። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ፣ በቃል በቃል?

ወርቄ ቀና ብላ አየችኝ። «አባን ምን አሉ?» አለች። አባት በዕብራይስጥም አባ ነው፤ እሱን ለይታ ሰምታዋለች።

«ሥዕልሽ አምሯል ይላሉ» አልኋት። ያ ግን አልበቃም፤ አባ ያሉበትን ምክንያት መሙላት ነበረብኝ። «ለአባትሽ አስቀምጪለት ይላሉ።»

ልጅቱ ፈገግ አለች።

ሚካል እጇን ከልጅቱ እጅ ላይ አነሣች። ዶሪት እርሳሷን መምታት አቆመች። ወርቄ የሁለቱን ፊት አየች፣ ደስ ያላቸው ስላልመሰላት ግራ ገብቷት ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። ዶሪት ወደ ክፍል መልሳት አለችኝ። መልሻት ስመጣ ሁለቱ በጥድፊያ ሲነጋገሩ ደረስሁ። ዕብራይስጤ ለመናገር እንጂ ለመስማት አያንስም ነበር። ልጅቱ ድንጋጤ ውስጥ ናት፣ አባቷ ሞተ ተብላ የምትሥቅ ልጅ ጤነኛ አይደለችም፣ የሥነ ልቡና ሐኪም እስኪያያት ክፍል ባትገባ ይሻላል፣ ምናልባትም ሌላ ዓይነት ቦታ ያስፈልጋታል ትላለች ሚካል። ከልቧ አዝናላታለች።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከእኛ ልጆች ወደዚያ ሌላ ዓይነት ቦታ፣ አእምሯቸው ታሟል ለተባሉ ልጆች ወደተለየ ትምህርት ቤት፣ የሄዱትን አውቃለሁ። ሲሄዱ እንጂ ሲመለሱ አላየሁም። ዝም ብል ሥራዬ አለ፤ ቢሮው ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው የለም። ዝም ብል ግን ልጅቱን በአባቷ ሞት የሣቀች እብድ አድርጌ ማስመዝገቤ ነው።

«አልነገርኋትም» አልሁ።

ሁለቱም ዞሩ። ዶሪት «ታዲያ ምን አልሃት?» አለች። ሥዕልሽ አምሯል አልኋት አልሁ። ከዚያስ አለች። ለአባትሽ አስቀምጪለት አልኋት አልሁ። ሚካል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዶሪት ባልጮኸ ድምፅ፣ «በእኛ አፍ ዋሸህ» አለችኝ።

ስለ እሑድ ማለዳ፣ ስለ እናትየዋ፣ ስለ ዘመዱ የቻልሁትን ያህል አስረዳኋት። እስከ እሑድ ድረስ ሕንፃው በሙሉ እያወቀ እነሱ ብቻ አያውቁም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት። ይህ ጭካኔ ነው አለች። እኔም ስለ እናንተ የማስበው ይህንኑ ነው አልሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አለቃዬን እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። ዶሪት እስከ እሑድ አፏን እንደምትይዝ ነገረችኝ፤ ለእናትየዋ ብላ እንጂ ለእኔ ብላ እንዳልሆነም ነገረችኝ። ከፋሲካ በኋላ እዚህ የምትቆይ አይመስለኝም አለች።

ፍሎራ ኩሽና ውስጥ ለልጆቹ ኪያር ስትልጥ አገኘኋትና የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። አይዞህ ትለኛለች ብዬ ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ «ይህን አልተረጉምም ብለህ መውጣት ትችል ነበር» አለችኝ። «እነሱ ይናደዳሉ፣ ያባርሩሃል፤ ልጅቱ ግን ምንም አትሰማም። አንተ ግን በእጇ አንድ ነገር ሰጥተሃታል።» ተናደድሁ። አንቺ መርዶ ምን ታውቂያለሽ ብያት ወጣሁ፤ ዓርብን ሳላናግራት ዋልሁ።

ያን ሰንበት ወርቄ ደረጃው ላይ ከልጆቼ ጋር ስትጫወት በአጠገቧ አለፍሁ። ሥዕሉን አልጋዋ ራስጌ እንደሰቀለችው፣ አባቷ ሲመጣ እንደምታሳየው ነገረችኝ። ጎበዝ አልኋት። ወደ ቤቴ ገብቼ ለትርንጎ እንኳ አልነገርኋት።

እሑድ ሊነጋ ሲል ተሰባሰብን። ከአፉላም ከረሆቦትም መጥተዋል። አያ ይርጋ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ከፊት ሆነው ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ፤ እኛ ተከተልናቸው። አለሚቱ በሩን ከፍታ የቆመውን ሰው ስታይ ምንም ሳይነገራት አወቀች። እንዲህ ያለው ሰዓት፣ እንዲህ ያለው ሰልፍ ለእኛ ራሱ ቋንቋ ነው። ሴቶቹ ያዟት፣ አስቀመጧት፣ አያ ይርጋ ነገሯት። ጩኸቱ ሕንፃውን ሞላው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ሩሲያዊ ጎረቤታችን እሳት የተነሣ መስሎት በሌሊት ልብሱ ባልዲ ውኃ ይዞ ወጣ፤ ነገሩ ሲገባው ባልዲውን አስቀምጦ ከእኛ ጋር ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

እኔ ይህን እያየሁ፣ ልክ ነበርሁ አልሁ በልቤ። ይኸው ሰው ተይዞ፣ ተደግፎ ሲያለቅስ። እንዲህ ነው የሚደረገው። ያን ጊዜ ወርቄ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ በእንባ ረጥቧል፣ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

«መምህር፣ ሐሙስ ዕለት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እነሱም ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«አስቀምጪለት ያለው ማን ነው?»

ዶሪት ናት ብል ማንም አያውቅብኝም። «እኔ ነኝ» አልኋት። ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ተመልሳ ሄደች። ሰው እየከበደኝ ስለመጣ ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጥሁበት ጊዜ የለም። ሰው ሁሉ እንደ ወጉ ሲረዳ፣ እሷ ግን ከመርዶው ሌላ አንድ መርዶ ሰምታለች።

የለቅሶው ሰባት ቀን አልፎ ትምህርት ቤት ስትመለስ ዶሪት እኔን ለመተካት ሰው ትፈልግ ነበር፣ አላገኘችም፤ ዓመቱ አጋማሽ ላይ አማርኛ የሚችል ረዳት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ወርቄና እኔ እንደ ቀድሟችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኦርሊ ተናገረች፣ እኔ ተረጎምሁ። ወርቄ ጆሮዋን አላስጠጋችም። የተረጎምሁትን ሰምታ ስታበቃ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለችውን ልጅ፣ ከእኛ ቀደም ብላ የመጣችውን፣ እንዲህ ነው ወይ ያለችው ብላ ትጠይቃለች። ልጅቱ አዎ ስትላት ነው እርሳሷን የምታነሣ። መጀመሪያ ያልፍላታል፣ ልጅ ናት፣ ትረሳለች አልሁ። አልረሳችም።

ከዚያ ኦርሊን ራሷን በእጇም በአፏም መጠየቅ ጀመረች። አንድ ቃል ስትሰማ ይዛው ትሄድና በሦስት ሰው ታረጋግጠዋለች፣ ከሦስቱ አንዱ እኔ አይደለሁም። አውቶቡስ ውስጥ ማስታወቂያ ታነባለች፣ ገበያ ከእናቷ ጋር ስትሄድ ዋጋውን ራሷ ትከራከራለች። አለሚቱ ለትርንጎ፣ ልጄ ማታ ማታ ብቻዋን ዕብራይስጥ ታወራለች፣ ምን ነክቷት ነው ብላት ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረች። ኦርሊ እንዲህ ዓይነት ነገር አይታ አታውቅም። ለሰው ሁሉ ታወራለች።

እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ። ልጅቱ ቋንቋውን የምትማረው እንደ ተራበ ሰው ነው፤ ዳግመኛ በእኔ በኩል ምንም ነገር እንዳይመጣባት ነው። ለፍሎራ ነገርኋት፤ ታርቀን ነበር። ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፋሲካ ሲቃረብ ዶሪት አስጠራችኝ። ዕቃዬን ይዤ ልሂድ ብዬ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁ፤ ካርቶን ቤቱንም አነጋግሬ ነበር፣ ቦታ አለ ብለውኛል። ዶሪት ቁጭ በል አለችኝ።

«ከሐሙሱ ነገር በኋላ አይቀጠር ብዬ ልጽፍ ነበር» አለች። «የዜሃቫን ነገር ግን አየሁ። እንዲህ ፈጥና ዕብራይስጥ የያዘች ልጅ በዚህ ትምህርት ቤት አላየሁም። አብረሃት የተቀመጥኸው አንተ ነህ። ይቀጠር ብዬ ጽፌያለሁ።»

የፈለግሁት ነገር ጠረጴዛው ላይ ነው። ክፍል፣ ልጅ፣ ጠመኔ፤ ልጄ ስለ እኔ ለጓደኛው የሚናገረው ነገር። ሁሉም እዚያው አለ።

«እኔ አይደለሁም ያስተማርኋት» አልሁ።

ዶሪት ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀችልኝ። ስለ እኛ ሕዝብ ባህል ሥልጠና ወስዳ ነበር በዚያ ሰሞን። እናንተ ራሳችሁን አታመሰግኑም፣ አሁን ገብቶኛል አለችኝ፤ ትሕትናህን ወድጄዋለሁ ብላ እጄን ጨበጠች። የምሬን ነው አልኋት። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ እያለች እስከ በሩ ሸኘችኝ። ዕብራይስጤ ከዚያ በላይ አይሄድም ነበር። ቢሄድስ እነግራት ነበር ወይ?

እስከ ዛሬ መርዶ በቢሮ አይነገርም ባይ ነኝ። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ፤ ኋላ ኋላ ትምህርት ቤቱም ሳይጠይቀን ለልጆቻችን እንዲህ ያለ ነገር መናገር ትቷል። ግን ስለዚህ ነገር አሸነፍሁ ማለት አልችልም።

ከዶሪት ቢሮ ወጥቼ ቀጥታ ክፍል ገባሁ። ኦርሊ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ታሪክ ታነባለች። ዝቅ ያለችው ወንበሬ ላይ፣ ወርቄ ጎን ተቀመጥሁ። ኦርሊ አንድ ረዘም ያለ ከባድ ዓረፍተ ነገር አነበበች፤ እኔም በልማዴ በግማሽ ወደ ኋላ ቀርቼ ወደ ልጅቱ ጆሮ ጎንበስ አልሁ። ወርቄ አልተቆጣችም፣ ዓይኗንም ከኦርሊ አላነሣችም። መዳፏን ቀስ አድርጋ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ይተዉት፣ መምህር» አለችኝ። «እኔው እሰማዋለሁ።»

ወንበሬን ይዤ ወደ ሌላው ልጅ ተጠጋሁ። ከፋሲካ በኋላ ቋሚ ሠራተኛ ሆንሁ።